የአያትን ዱካ ለምትፈልጉ ልጆቼ

ወሎ ውስጥ ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የቀድሞ ተማሪዎቼ «ጋሼ፣ የቅድመ አያቴን ታሪክ ከየት ልጀምር?» እያሉ ሲደውሉልኝ ደስ ይለኛል።

አብዛኞቻችሁ መጀመሪያ የምታስቡት የሕዝብ ቆጠራን ነው። አገራችን ግን አጠቃላይ ቆጠራ ያካሄደችው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ብቻ ነው። የታተመው ውጤት ደግሞ ድምር እንጂ ስም የለበትም። የወረዳችሁን ሕዝብ ብዛት ታገኙበታላችሁ፤ አያታችሁን አታገኙበትም።

የተመዘገበ ዕድሜንም ቶሎ አትመኑ። በ1987 እኔም ሐይቅ አካባቢ ቆጣሪ ነበርኩ። አንዲት እናት ቡና እየቆሉ ዕድሜያቸውን ስጠይቃቸው፣ «አባቴ ለሰገሌ ሲዘምት እናቴ አዝላኝ ሸኘችው ይሉኛል» አሉኝ። ቸኩዬ ስለነበር 70 ብዬ ጽፌ አለፍኩ። ማታ ሳስበው የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 1909 ነው። ለካ ከ78 አያንሱም! እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቀኑን በትክክል ነግረውኝ ነበር፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ «ስንት ዓመትዎ ነው?» አትበሉ። «አባትዎ የኅዳር በሽታን ያነሱ ነበር? ማይጨው ዘምተዋል? መሬት ላራሹ ሲታወጅ እርስዎ አግብተው ነበር?» በሉ። 1911፣ 1928፣ 1967 እያላችሁ በጎኑ ጻፉ።

የወሎ ሰው ስትፈልጉ ደግሞ ስም ላይ ተጠንቀቁ። አፄ ዮሐንስ በ1870 ከጠሩት የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ብዙ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሳ ተገዷል። የወሎው ገዥ ኢማም መሐመድ አሊ፣ ራስ ሚካኤል የተባሉት ያኔ ነው። እኔ ራሴ ቤታችን አቅማዳ ውስጥ ጠርዙን አይጥ የበላው የግብር ደረሰኝ አገኘሁ። ቅድመ አያቴ እዚያ ላይ የተጻፉት በክርስትና ስማቸው ነው። የመንደሩ ሽማግሌዎች ግን የሚያውቋቸው በእስልምና ስማቸው ነበር። ሁለት ሰው መስለውኝ ሁለት ዓመት ለየብቻ ስፈልጋቸው ኖርኩ። በመጨረሻ ያገናኘልኝ የማሳው ስም ነው። ደረሰኙ ላይም፣ በሰዉ አፍም አንድ ነበር።

የማሳውን ስም የነገሩኝ አክስቴ ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ ስጠይቃቸው «እንጃ ልጄ» ሲሉ ቆይተው፣ ያነሱት በረካው ሲቀዳ ነው። እናንተም ስልካችሁን ለመቅዳት ከፍታችሁ አጠገባቸው አስቀምጡና፣ አቦሉን ጠጥታችሁ አትነሱ።