«አይዞሽ» ካልኩ በኋላ ምን ልበል?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ ወዳጆች። ሰሞኑን የሚደርሰኝ ጥያቄ ግማሹ ከከተማው ዳር ነው፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ... እኔም ዳር የምኖር ሰው ስለሆንኩ ሳነበው የራሴን ደረጃ እየወጣሁ ነው የሚመስለኝ። ዛሬ ሶስቱን መርጫለሁ፣ የመጀመሪያዋ ብዙ ቦታ ትወስድብናለች፣ ቅር አይበላችሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ። ኮዬ ኮንዶሚኒየም ከገባን ሶስት አመት ሊሞላን ነው። ድሮ ልደታ አንድ ግቢ ውስጥ ስድስት አባወራ ሆነን ነበር የምንኖረው። እዚህ ሰው መጥፎ ነው ማለቴ አደለም፣ ሰላምታ አለ፣ ውሃ ሲመጣ ጀሪካን እንቀባበላለን፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ቡና እንጠራራለን፣ ግን ጓደኛ የምለው ሰው የለኝም። በቀደም ፊት ለፊቴ ያለችው ልጅ ባሏ ከስራ እንደተቀነሰ ነገረችኝ፣ እኔም አይዞሽ ሁሉም ለበጎ ነው አልኳት፣ የኔ ባልም እኮ አንዴ ስምንት ወር ሙሉ ስራ ፈቶ ቤት ተቀምጦ ነበር ብዬ አጫወትኳት። ከዛ ወዲህ ስለዛ ጉዳይ ትንፍሽ ብላ አታውቅም፣ እንደውም ቡና ስጠራት ምክንያት ታበዛለች። ምን አጠፋሁ? — አራተኛ ፎቅ፣ ከኮዬ

መልስ፦ አንቺ አራተኛ ፎቅ፣ ጥፋትሽ ትንሽ ናት፣ ደሞ ሁላችንም በየቀኑ የምናጠፋት ናት። እስቲ እሷን ሆነሽ አስቢው። ስንት ቀን ስታመነታ ቆይታ ነው በሯን የከፈተችልሽ፣ ምክንያቱም የባልን ከስራ መቀነስ ለጎረቤት መናገር ቀላል አደለም፣ የቤት ገበና ነው። አንቺ ደሞ «ሁሉም ለበጎ ነው» ብለሽ በሩን ቀስ አርገሽ መልሰሽ ዘጋሽው። ለበጎ ከሆነማ ምን ትጨምርበታለች? ከዛ ያንቺ ባል መጣ፣ ስምንቱ ወር መጣ፣ እሷ ተመልካች ሆና ቀረች። ሲያልቅ ምን አልባት አንቺን «አይዞሽ» ብላሽ ይሆናል የተነሳችው!

ቻርልስ ደርበር የሚባል አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት በፈረንጆቹ 1979 ስለዚህ ነገር ጽፎ ነበር። ሰው ሲያወራን የምንሰጠው ምላሽ ሁለት አይነት ነው ይላል፣ አንዱ ወሬውን ወደራሳችን የሚያዞር፣ ሌላው የሚያወራው ሰው እንዲቀጥል የሚደግፈው። «ደከመኝ» ስትይ «እኔም ሞቻለሁ» ያለሽ ሰው የመጀመሪያውን አረገ፣ «ምነው እንቅልፍ አጣሽ እንዴ?» ያለሽ ሁለተኛውን። በክፋት አይምሰልሽ ታዲያ። እኛ ሀገር «እኔም ደርሶብኛል» ማለት ማጽናኛ ነው፣ ብቻሽን አደለሽም ማለት ነው፣ እና ያንቺም ወሬ ጊዜው ሲደርስ ጥሩ ወሬ ነው። ግን እሷ የራሷን ሳትጨርስ መጣባት፣ ስህተቱ እሱ ላይ ነው።

ታዲያ ምን ልበል ነው ጥያቄሽ። ጠይቂያት። በቃ። ሀርቫርድ ያሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2017 ባወጡት ጥናት ሰዎች ሲያወሩ ብዙ የሚጠይቅ ሰው፣ በተለይ ደሞ አሁን የተነገረውን ይዞ የሚቀጥል ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው፣ ይበልጥ ይወደዳል። «መቼ ነገሩት?» «ሲነግርሽ ምን ተሰማሽ?» «አንቺስ ትተኛለሽ?» እንደዚህ አይነት። የፖሊስ ምርመራ ግን እንዳይሆን። «ደሞዙ ስንት ነበር?» «ማን ነው ያስቀነሰው?» ያልሻት እንደሆነ እሱ ላንቺ ወሬ ጥማት ነው፣ ለሷ አደለም፣ ሰው ደሞ ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል። እኔ ሁሌ ራሴን የምጠይቀው መልሱ ለማን ይጠቅማል ብዬ ነው።

አሁን ስለ ሰፈሩ ላውራ፣ ምክንያቱም አንቺ «ሰው መቅረብ አልችልበትም» ብለሽ ራስሽን እየወቀስሽ ነው፣ ግማሹ ጥፋት ያንቺ አደለም። ልደታ ግቢ ውስጥ መጠየቅ አያስፈልግሽም ነበር። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ማን እንዳሳለው፣ ማን እንዳኮረፈ፣ የማን ወጥ እንዳረረ ሁሉ ያለ ጥያቄ ይደርስሻል፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ቧንቧው የጋራ፣ ሳትፈልጊም ትቀራረቢያለሽ። ኮንዶሚኒየም ላይ ያገናኘን እጣ ነው። አንዱ ከመርካቶ፣ አንዱ ከጉለሌ፣ አንዱ ከቄራ፣ አንዷ ደሞ ተከራይ ናት አመት ሳትሞላ ትወጣለች፣ በሩ ብረት፣ ግድግዳው ብሎኬት። ጎረቤት የምታዪው ደረጃ ላይ ነው፣ እሱም ሁለታችሁም እያለከለካችሁ፣ ሊፍት የለ ምን የለ። ድሮ ግድግዳው ይሰራልን የነበረውን ስራ አሁን በአፋችን ነው የምንሰራው፣ እና ገና አለመልመዳችን ነው።

ደሞ ጊዜ። ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ሆል የሚባል ተመራማሪ በፈረንጆቹ 2018 ያወጣው ጥናት አለ፣ እኔ በጣም ነው የምወደው፣ ከጠየቃቸው ሰዎች ብዙዎቹ ልክ እንዳንቺ በቅርብ መኖሪያ የቀየሩ ናቸው። ከትውውቅ ወደ ቀለል ያለ ጓደኝነት ለመድረስ ወደ 50 ሰአት አብሮ መሆን ይፈልጋል፣ ጓደኛዬ ለማለት ወደ 90፣ የልብ ጓደኛ ለመሆን ከ200 ሰአት በላይ። አብሮ መስራት ብቻውን ብዙም አይቆጠርም ይላል፣ ቁጭ ብሎ መጫወቱ ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ ጀሪካን መቀባበሉን ከሂሳቡ አውጪው። የናንተን ቡና እናስላው። በሁለት ሳምንት አንዴ፣ አንድ ሰአት በይው፣ በአመት 26 ሰአት፣ በሶስት አመት 78። እህቴ ገና 90 አልሞላሽም እኮ! ጓደኛ የለኝም ማለትሽ ትክክል ነው፣ ሰአቱ አልደረሰም።

ያ አንድ ሰአት ራሱ እንዴት እንደሚያልፍ አውቃለሁ። አቦሉ ላይ የዘይት ዋጋና የታክሲ ወሬ ነው፣ ሰው የሆዱን የሚያወጣው ቶና ላይ ነው፣ በረካ ላይ ደሞ ሰው ሲቀንስ ሁለት ሶስት ሆናችሁ ስትቀሩ። አሁን አሁን አቦል ጠጥቶ «ልጄን ትቼ መጣሁ» ብሎ መነሳት ፋሽን ሆኗል። አንቺ ራስሽ እስከ በረካ ቆይተሽ ታውቂያለሽ?

ለልጅቷ እንዲህ አርጊ። ቡና ላይ አትጥሪያት፣ ሰው ፊት አታንሺባት። ብቻዋን ስታገኚያት ወይ አንኳኩተሽ «ያን ቀን ስትነግሪኝ የራሴን አወራሁብሽ፣ ሳላዳምጥሽ ቀረሁ፣ እንዴት ሆናችሁ?» በያት። እና ዝም በይ። ዝምታው ይከብድሻል፣ «ብቻ እግዜር ያውቃል» ብለሽ ልትሞይው ይቃጣሻል፣ ቻይው። ለቅሶ ቤት እንችልበት የለ እንዴ? ድንኳን ውስጥ ገብተን ሰላም እንኳን ሳንል ቁጭ ብለን ዝም የምንል ሰዎች እኮ ነን፣ ያንን ትንሽ ቀንሰሽ ወደ ደረጃው አምጪው። ከዛ የነገረችሽን ያዢና በሌላ ቀን አንሺው። «ማክሰኞ ኢንተርቪው አለው» ካለችሽ ረቡእ ጠይቂ። አስታውሶ መጠየቅ ከመቶ አይዞሽ ይበልጣል።

እኔ ይሄን የተማርኩት ከጎረቤቴ ነው። እናቴ ስታርፍ ቤቱ ሞልቶ ነበር፣ ሰልስት ሰባት አርባ እያለ፣ ከአርባው በኋላ ጭር አለ። እሷ ያኔ ነው የመጣችው። ቁጭ አለችና «እናትሽ ስንተኛውን ቡና ነበር የሚወዱት?» አለችኝ። ያን ሁሉ ቀን እንዴት እንደሞተች ሰው ሁሉ ጠይቆኝ ነበር፣ እንዴት እንደኖረች ማንም አልጠየቀኝም። ሁለተኛውን አልኳትና ከዛ እስኪመሽ አወራሁላት። አሁን እህቴ ናት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ የካ አባዶ ነው። አብሮ አደግ ጓደኛዬ ካናዳ ከሄደ ሁለት አመት ሆነው። እሱ ቴክስት ሲጽፍ ድርሰት ነው፣ ስለ ስራው፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ድብርቱ። እኔ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ አነበዋለሁ፣ ከዛ አውራ ጣት ወይ «በርታ ብሮ» እልካለሁ። ሰሞኑን «ካንተ ጋ ማውራት ከግድግዳ ጋ ማውራት ሆነብኝ» አለኝና ደነገጥኩ። የምሰጠው ምክር እኮ የለኝም፣ ካናዳን አላውቀው። — ሰልፈኛው

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምክር መቼ ጠየቀህ? ጓደኛህ ሲጽፍልህ ግማሹ ለራሱም ነው። ጄምስ ፔንቤከር የሚባል የስነልቦና ሰው በፈረንጆቹ 1986 ባወጣው ጥናት ተማሪዎችን ስለከበዳቸው ነገር በቀን 15 ደቂቃ ለአራት ቀን እንዲጽፉ አርጎ ነበር፣ በኋላ ሲታይ እነሱ ክሊኒክ የሄዱት ስለተራ ነገር ከጻፉት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። መጻፉ ራሱ ይረዳል ማለት ነው። ያንተ ስራ ማንበብህን ማሳየት ነው፣ አውራ ጣት ደሞ ማየትህን እንጂ ማንበብህን አያሳይም።

የድሮ ደብዳቤ ትዝ ይልሃል? ምን አልባት አትደርስበትም። «ለጤናህ እንደምን አለህ፣ እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ተብሎ ነበር የሚጀመረው፣ ሰላምታው ብቻ ገጹን ይጨርሰዋል፣ ግን ከዛ በታች መልስ ነበር። ያኔ እኛ ሀገር ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም ነበር፣ ፖስታ ቤት ሄደህ ሳጥን ከፍተህ ነበር የምታወጣው፣ ያ ሁሉ መንገድ ተሂዶ የመጣ ወረቀት ስለሆነ ሶስት አራት ጊዜ ይነበባል፣ መልስ ስትጽፍ ደብዳቤው ጉልበትህ ላይ ነው፣ «ስለ እህትህ ሰርግ የጻፍክልኝን አነበብኩ፣ ለመሆኑ ያ ሽማግሌ መጡ ወይ?» እያልክ አንድ በአንድ። ሚስጥሩ እሱ ነበር።

አንተም ሰልፍ ላይ አንብበው ግን ሰልፍ ላይ አትመልስ። «አነበብኩት፣ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ እጽፍልሃለሁ» በለው፣ ቅዳሜ ደሞ ጻፍ፣ ይሄን ካላረክ ከአውራ ጣቱ የባሰ ነው። ስትጽፍ ከትልቁ ነገር አትጀምር፣ ድብርቱን አንተ አትፈታውም። ከትንሿ ጀምር፣ ባስ ስቶፕ ላይ ሁሌ የሚያገኛቸውን አሮጊት ጽፎልህ ከሆነ እሳቸው እንዴት ናቸው በለው። ትንሿን ካየህለት ትልቁንም እንዳየህለት ያውቃል። ካናዳን አለማወቅህ ጥሩ ነው እንደውም፣ የምትጠይቀው ሞልቶልሃል። ከራስህም ላክለት፣ ሰልፉን፣ ጭቃውን፣ ወያላው ምን እንዳለህ። እዛ ብርድ ውስጥ ተቀምጦ የአባዶ ጭቃ የሚናፍቅ ሰው እንዳለ ብነግርህ ታምነኛለህ?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአዘጋጇ። ዕድሜዬ 67 ነው፣ ጡረተኛ ነኝ። ልጄ ቦሌ አራብሳ አምጥቶ አስቀመጠኝ፣ ይባርከው። ሴቶቹ ቡና አላቸው። እኛ ወንዶቹ ግን ሰላም ተባብለን ማለፍ ብቻ ነው። ምን ብዬ ነው ወሬ የምጀምረው?

መልስ፦ አባቴ፣ ወንድ ፊት ለፊት ተቀምጦ «እንዴት ነህ» ቢሉት «ደህና» ብሎ ይጨርሳል፣ ጎን ለጎን ሆኖ አንድ ነገር ሲሰራ ግን ያወራል። ድንኳን ሲተከል ወንበር ለማንሳት ባይችሉም ቆመው ያስተባብሩ፣ እድሩ ውስጥ ይግቡ፣ ከኮሚናሉ ጀርባ ዳማ የሚጫወቱ ካሉ መጀመሪያ ቆመው ይዩ። ጥያቄ ካስቸገረዎ ደሞ ኮንዶሚኒየም ላይ አንድ የማይሳሳት ጥያቄ አለ፣ «ድሮ ሰፈርዎ የት ነበር?» ይበሉት፣ ሌላውን እሱ ይጨርሰዋል፣ እርስዎ ብቻ መሃል ላይ ስለራስዎ ሰፈር እንዳይጀምሩ።

ከሁሉም የሚቀለው ግን መዋስ ነው። ከፊት ለፊትዎ ካለው ሰውዬ መዶሻ ይዋሱ። በማግስቱ ግን አይመልሱለት፣ ሁለት ሶስት ቀን ያቆዩት፣ ራሱ ሊጠይቅ ይመጣል፣ ያኔ ግቡ ይበሉት።