«ራቁት ብረት» ወይስ «ብረት ቅብ»?

ጥያቄ፦ በትርፍ ጊዜዬ የፕላስቲክ ሞዴል አውሮፕላን እገጣጥማለሁ። አሁን የያዝኩት ፒ-51 ሙስታንግ ነው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የነበረ የአሜሪካ ተዋጊ አውሮፕላን፤ መስፈርቱ 1፡72፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ። ቀለም ያልነካው አልሙኒየም እንዲመስል ያለ ቀለም መርጫ፣ የአልሙኒየም ፎይል እያለበስኩ በእጄ ብቻ እየሠራሁት ነው። ሲያልቅ ከሥሩ በአማርኛ አጭር መግለጫ ላስቀምጥ ብዬ «ራቁት ብረት» ብዬ ጻፍኩ። ባለቤቴ አይታ ሳቀችብኝ። «ብረት ቅብ» ብለው ደግሞ ለራሴ ጆሮ አልጥም አለኝ። ለመሆኑ አልሙኒየምስ ብረት ይባላል?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፣ ቀላሉ እሱ ነው። ይባላል። ማጀት ገብተው «ብረት ድስት» የሚባለውን አንስተው ይዩት። አብዛኛውን ጊዜ አልሙኒየም ነው። እዚያ «ብረት» ማለት ሸክላ ያልሆነ ማለት ነው። ቃሉ ድሮም አንድ ቦታ ረግቶ የሚቀመጥ አይደለም። በግዕዝ «ብርት» መዳብ ወይም ነሐስ ነው። ብረቱ ራሱ «ሐፂን» ይባላል፤ ትግርኛ ዛሬም «ሓጺን» ይለዋል። አማርኛ የመዳቡን ስም አንስቶ ለብረት ሰጠ። ለአልሙኒየም ቢያውሰውማ ምን ይገርማል? ብረትና አልሙኒየም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን ሲመጡ ብቻ ይለዩዋቸው።

ባለቤትዎ መሳቃቸው ግን ልክ ነው። «ራቁት» መልበስ ሲገባው ላልለበሰ የሚባል ቃል ነው። ጉድለት ወይም እፍረት አለበት። «እርቃን» ትንሽ ጨዋ ይመስላል እንጂ ያው ነው። «ባዶ»ስ? «ባዶ እግር» ስንል ጫማ የሌለው ማለታችን ነውና ይሆን ነበር። ግን «ባዶ ብረት» ሲባል እኔ የሚታየኝ ውኃ ያለቀበት በርሜል ነው። «ልሙጥ» የሚለውንም አሰብኩበት። ልሙጥ ጨርቅ ጥለትም ሥዕልም የሌለው ነው። ሙስታንግ ደግሞ ኮከቡ አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ አፍንጫው ላይ ያለው ጌጥ አለ። ስለዚህ ልሙጥ አይደለም።

የሚቀረው ተራው ቃል ነው፤ «ቀለም ያልተቀባ»። አንድ ልዩነት ብቻ ይያዙልኝ። ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ቀለም ያልነካው አውሮፕላን «ያልተቀባ» ነው። ተቀብቶ ኖሮ በኋላ ቀለሙ የተነሣለት ግን «ቀለሙ የተላጠ» ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ «የተላጠ ሽቦ» እንደሚለው።

ይኸ ሁሉ ግን ስለ እውነተኛው አውሮፕላን ነው። የእርስዎ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክን «ቀለም ያልተቀባ ብረት» ማለት ለተመልካቹ እንቆቅልሽ ማስቀመጥ ነው። ደግሞ በሙስታንግ ጉዳይ ሌላ ነገር አለ። የአሜሪካ ጦር አየር ኃይል እ.ኤ.አ. ከ1944 መጀመሪያ አንሥቶ አውሮፕላኖቹን የመሸሸጊያ ቀለም መቀባት በብዛት አቆመ። ክብደትም የፋብሪካ ሰዓትም ይቆጥባል። የሙስታንግ አካል በዚህ ምክንያት አልሙኒየሙ እንደታየ ቀረ። ክንፉ ግን አልቀረም! የዚያ ክንፍ ቅርጽ የተነደፈው አየሩ ሳይረበሽ እንዲያልፍበት ነው። የሪቬት (የብረት ቁርጥራጮቹን የሚያያይዘው ምስማር) አናትና የመገጣጠሚያ ስንጥቅ ይረብሹታል። ስለዚህ ስንጥቁን በስቱኮ ደፈኑት፣ ፈገፈጉት፣ ከዚያ ብርማ ቀለም ቀቡት። «ያልተቀባ» የሚባለው ዝነኛ አውሮፕላን ክንፉ የተቀባ ነው።

ብዙ ሞዴል ሠሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ክንፉንም አካሉንም አንድ ዓይነት አድርጎ ያብረቀርቀዋል። ግሦቹን ቢለይ ኖሮ ባልተሳሳተ ነበር። ክንፉ «ይቀባል»፤ አካሉ «ይለበጣል»።

«ለበጠ» የድሮ ቃል ነው፣ ግን አልሞተም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 25 ታቦቱ ከእንጨት ይሠራና በውስጥም በውጭም በጥሩ ወርቅ እንዲለበጥ ይታዘዛል። ከሥር ሌላ ነገር፣ ከላይ ስስ ብረት። እርስዎስ ከዚህ ሌላ ምን እየሠሩ ነው? ከሥር ፕላስቲክ፣ ከላይ የአልሙኒየም ፎይል። «ብረት ቅብ» ጆሮዎን የከበደው ለዚህ ይመስለኛል። አወቃቀሩ ስሕተት የለበትም፤ ወርቅ ቤቶች «ወርቅ ቅብ» ይሉ የለ? ግን «ብረት ቅብ» የሰማ ሰው የተቀባ ብረት ይሁን ብረት የተቀባ ነገር አያውቅም።

እግረ መንገዴን፦ «ለበጣ» ከዚሁ ቃል ጋር አንድ መልክ ያለው ነው። የለበጣ ሳቅ ከላይ ሳቅ የለበሰ፣ ከሥር ሌላ ነገር ያለው ሳቅ ነው። «አስመሳይ»ም እንዲሁ ስድብ ሆኗል። አማርኛ አንዱን ነገር ሌላ አስመስሎ የሚሠራን ሰው ብዙም አያምነውም። እርስዎ አይቀየሙ።

ለመለበጥ የማጀት ፎይል ይበቃል። ውፍረቱ 0.016 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በ72 ቢያባዙት 1.15 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የእውነተኛው አውሮፕላን ላሜራም አንድ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው! ቀለም በዚህ አይወዳደረውም። «ላሜራ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። አንዳንዶች «ፓነል» ይላሉ፤ ጋራዥ የሚያውቅ ሰው ግን ላሜራ ሲባል ወዲያው ይገባዋል። ቃሉ ከጣሊያን የመጣ ነው፣ እንደ ስቱኮና እንደ ኮላ።

ፎይሉን በአንድ ትልቅ ቁራጭ አይልበጡ። ላሜራ በላሜራ ይሂዱ። ጀርባውን ስስ ኮላ ቀብተው ያስቀምጡና በጥጥ ከመሐል ወደ ጠርዝ ያሹት፤ «ማሸት» ነው ቃሉ፣ ወጌሻ እንደሚያሸው። ትርፉን በስንጥቁ መስመር ላይ በምላጭ ይቁረጡ። ፎይል ሲዳመጥ የቀረበት ስስ መስመር አለው። የሚቀጥለውን ቁራጭ መስመሩን አዙረው ቢለብጡት፣ ያው ፎይል ሆኖ ሳለ ብርሃኑን በሌላ መንገድ ይመልሳል፤ ጠቆር ወይም ፈካ ይላል። እውነተኛውም አውሮፕላን አንዱ ላሜራ ከሌላው አይመሳሰልም። በሁለት አቅጣጫ የጎበጠ ቦታ፣ እንደ አፍንጫው ጫፍ፣ ፎይሉ ይጨማደዳል። እዚያ የብረት ዱቄት ያለበትን ሰም በጣት ይቀቡና ሲደርቅ ይወልውሉት። «መቀባት» እዚህ ወደ ቤቱ ገባ፤ አናት ላይ ቅቤ እንደሚቀባው።

ክንፉን በብሩሽ ሲቀቡ «ብርማ ቀለም» ይበሉት፣ «የብር ቀለም» ሳይሆን። «‑ማ» መምሰልን ታመጣለች፤ አመድማ፣ ወርቅማ እንደሚባለው። እኔ አንድ ጊዜ ሞክሬ ሙሉ አውሮፕላኑን ብርማ ቀባሁትና የግቢ በር መሰለ። ያ ቀለም የትም ቦታ አንድ ዓይነት ነው፤ ለክንፉ ጥሩ፣ ለአካሉ ክፉ።

የተለበጠውን አካል ሲገልጹ «የሚያብለጨልጭ» አይበሉ። መብለጭለጭ የርካሽ ጌጥ ነው። አየርና ዝናብ ያገኘው አልሙኒየም ደመቅ ብሎ ግን ፈዘዝ ይላል። ለዚህ የምወደው ቃል «ወዝ» ነው። ደህና የበላ ሰው ፊት ወዝ አለው። ብዙ እጅ የነካው የእንጨት ዱላም ወዝ አለው። ሞዴልዎ ወዝ ካለው ደርሰዋል።

ስንጥቁን ለማጥቆር እርሳስ ፍቀው ዱቄቱን ከተጠቀሙ፣ መግለጫው ላይ «በእርሳስ» ብለው አይተዉት። እርሳስ መጻፊያውም ነው፣ ከባዱ ብረትም ነው። መጻፊያው ውስጥ ያለው ደግሞ ግራፋይት እንጂ እርሳስ አይደለም። «የእርሳስ ዱቄት» ያነበበ ሰው ሐኪም ቤት ሊልክዎት ይችላል።

እኔ ብሆን መግለጫውን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ፒ-51 ሙስታንግ፣ 1፡72። አካሉ በአልሙኒየም ፎይል የተለበጠ፣ ክንፉ ብርማ ቀለም የተቀባ፤ ሁሉም በእጅ።» መጀመሪያ ለባለቤትዎ ያንብቡላቸው። አሁንም ከሳቁ ይጻፉልኝ።