ላሟ ጠግባ እየታለበች ሳንባዋ ውስጥ ምን እየሆነ ነበር?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ቱላ ነው የምኖረው። ስድስት የተዳቀሉ የወተት ላሞች ነበሩኝ። አንዷ አልይዝ ስላለች ለቄራ ሸጥኳት። ስትታረድ የሥጋ ተቆጣጣሪው ሳንባዋን ቀዶ «ነቀርሳ (ቲቢ) ይመስላል» ብሎ አስወገደው። እሷ ግን አላሳለችም፣ አልከሳችም፣ መኖዋንም አልተወችም ነበር። ይህ እንዴት ይሆናል? የቀሩት አምስቱ ጤነኛ ይመስላሉ፤ ለጥንቃቄ መድኃኒት ቢወጉ ይሻላል? ልጆቼ የሚጠጡት የእነሱን ወተት ነው።

መልስ፦ ከልጆቹ ልጀምር። ከዛሬ ጀምሮ ወተቱ ገንፍሎ እስኪነሳ ይፍላ። እርጎውም፣ አይቡም፣ ቅቤውም ከፈላ ወተት ይሠራ። የፈላው ወተት ለብ ሲል፣ ቀድሞ ከፈላ ወተት የተሠራ እርጎ በእርሾነት ጨምረው ያርጉት። መርጋቱና መኮምጠጡ ብቻ የነቀርሳውን ባክቴሪያ አይገድለውም፤ አይብ ሲወጣ የሚሰጠው ለስላሳ ሙቀትም አያስተማምንም። ከቤተሰቡ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስለው፣ ወይም አንገቱ ላይ ንፍፊት ያበጠበት ልጅ ካለ ጤና ጣቢያ ይውሰዱትና ላም እንደምታረቡ ይንገሩ። የከብቱ ነቀርሳ ባክቴሪያ፣ ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ፣ ለሰው ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱን ፒራዚናማይድን በተፈጥሮው ይቋቋማልና ሐኪሙ ይህን ማወቅ አለበት።

አሁን ወደ ላሟ። አንድ ግርግም ላይ አፍ ለአፍ ገጥመው ሲበሉ፣ የታመመችው የምታወጣውን ትንፋሽ ጎረቤቷ ትስበዋለች። ባክቴሪያው ሳንባዋ ጥግ፣ እጅግ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ውስጥ ያርፋል። እዚያ ማክሮፌጅ የሚባሉ ዋጪ ሴሎች አሉ፤ ሥራቸው የገባውን ጀርም ውጦ መፍጨት ነው። ይህኛው ግን ይዋጣል እንጂ አይፈጭም። ማክሮፌጁ የዋጠውን ነገር ከሚፈጭበት አሲድ ጋር እንዳያገናኝ ያግደዋል፤ ከዚያ እዚያው ውስጡ ይራባል። ሊገድለው የተፈጠረው ሴል መኖሪያው ሆነ ማለት ነው።

የሳንባው ገጽ ሴሎችም ዝም ብለው አያዩም። ከረጢቶቹ እንዳይጣበቁ የሚያደርገውን ፈሳሽ የሚያመነጩት ሴሎች ጉዳት ሲሰማቸው ኬሚካላዊ ጥሪ ያሰማሉ፤ ከደም ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎችና ተጨማሪ ማክሮፌጆች ይጎርፋሉ። ጥሪው አስፈላጊ ነው፤ ግን የመጡት ትኩስ ማክሮፌጆች መጀመሪያ ላይ ለባክቴሪያው ተጨማሪ ማደሪያ ይሆናሉ። ዋናው ኃይል፣ ቲ ሴሎች የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች፣ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ መጀመሪያ ባክቴሪያው ወደ ንፍፊት ተወስዶ እዚያ «መታየት» አለበት፤ ይህ ሳምንታት ይፈጃል። ቲ ሴሎቹ ሲደርሱ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል መልእክት ይለቃሉ፤ ያኔ ነው ማክሮፌጁ ነቅቶ የዋጠውን መግደል የሚጀምረው።

ብዙውን ጊዜ ግን ሙሉ በሙሉ አይጨርሰውም። ስለዚህ ሰውነቷ ያጥረዋል፦ መሃል ላይ የሞቱ ሴሎችና ባክቴሪያ፣ ዙሪያውን ማክሮፌጆች፣ ከእነሱ ውጭ ቲ ሴሎች፣ ከሁሉም ውጭ ጠንካራ ጅማት መሰል ቅርፊት። ተቆጣጣሪው ያየው ይህን ቋጠሮ ሳይሆን አይቀርም። ሲቀደድ ውስጡ ደረቅ፣ ቢጫ፣ አይብ የመሰለ ነው፤ የቆየ ከሆነ ካልሲየም ስለሚቋጥር ቢላዋው አሸዋ እንደነካ ይንሻጠጣል። የቀረው ሳንባ ጤነኛ ስለሆነ ላሟ አታስልም፣ አትከሳም። አጥሩ ሲላላና ቋጠሮው ወደ አየር ቧንቧ ሲፈስ ነው ሳሉ የሚመጣው። ያኔ ግን ለጎረቤቶቿ አስተላልፋ ሊሆን ይችላል። በዓይን መመርመር የማያዋጣውም በዚህ ነው።

መድኃኒቱ የማይሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቋጠሮው መሃል የደም ሥር የለም፤ መድኃኒት በሚገባ አይደርስበትም፤ እዚያ ያለው ባክቴሪያም ስለማይራባ በቀላሉ አይሞትም። የተለመደውን ፀረ-ባክቴሪያ ኦክሲቴትራሳይክሊን ቢወጉ ሌላ የሳንባ ምች ተደርቦ ከነበረ ያ ይሻላትና ዳነች ያሰኛል፤ ነቀርሳው ግን አይነካም። የሰዎቹን መድኃኒት ለላም መስጠት ደግሞ ጨርሶ አይሞከር፦ ለወራት የሚሰጥ ነው፣ በወተት ይወጣል፣ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያም ያፈራል።

የሚያስፈልገው የቆዳ ምርመራ ነው። የሚያነበው እነዚያኑ ቲ ሴሎች ነው፤ ባክቴሪያውን የሚያውቁ ከሆነ የባክቴሪያው ፕሮቲን ቆዳ ላይ ሲወጋ ተሰብስበው ያሳብጡታል። ባለሙያው አንገቷ ላይ ሁለት ቦታ፣ በ12 ሴንቲሜትር ያህል አራርቆ ፀጉሩን ይላጫል፤ የቆዳውን ውፍረት በመለኪያ ይለካል፤ ቱበርኩሊን የሚባለውን ይህን ፕሮቲን፣ በአንዱ ከወፍ ነቀርሳ ባክቴሪያ፣ በሌላው ከከብቱ የተሠራውን፣ 0.1 ሚሊ ሊትር ቆዳው ውስጥ ይወጋል። የወፉ የሚወጋው በአፈርና በውሃ ያሉ የባክቴሪያው ዘመዶች እንዳያሳስቱ ነው። ልክ በ72 ሰዓት ተመልሶ ይለካል። የከብቱ እብጠት ከወፉ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከበለጠ ተይዛለች ይባላል፤ ከ1 እስከ 4 ያለው አጠራጣሪ ነው። የእርስዎ በረት ግን ጥርጣሬ ያለበት ስለሆነ ከ2 በላይ የሆነችውንም እንደ ተያዘች ቢቆጥሩ እመክራለሁ።

ምርመራው የሚስትባቸው ጊዜያት አሉ። በቅርብ ሳምንታት የተያዘች ላም ቲ ሴሎቿ ገና አልተዘጋጁም። ከወለደች ወር ያልሞላት፣ በበሽታው በጣም የደከመች፣ ወይም ዴክሳሜታሶን (የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት) የተወጋች ላምም ቆዳዋ ላያብጥ ይችላል። ስለዚህ ንጹሕ የወጡትን ከ42 ቀን በኋላ ድጋሚ ያስመርምሩ፤ ከዚያ ቀድሞ ቢደገም የመጀመሪያው መርፌ ራሱ ምላሹን ያደክመዋል።

የተያዘች ከተገኘች ገበያ አውጥተው ለሌላ አርቢ አይሽጧት፤ በሽታውን ለጎረቤት መሸጥ ነው። ቄራ ገብታ በተቆጣጣሪ ፊት ትታረድ። እስከዚያው በሌላ ጣራ ሥር፣ የራሷ የውሃ ገንዳና ግርግም ይኑራት፣ መጨረሻ ትታለብ። ጥጃዋ እንገሩን ንጹሕ ከወጣች ላም፣ ወተቱን ደግሞ አፍልተው ይስጧት። በረቱን በሁለት ወገን ከፍተው ነፋስና ፀሐይ ያስገቡ፤ ባክቴሪያው ጨለማና እርጥብ እበት ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል፣ የፀሐይ ብርሃን ግን ቶሎ ይገድለዋል። ግድግዳውንና ወለሉን እበቱ እስኪለቅ ካላጠቡ በኋላ የሚረጩት በረኪና ከንቱ ነው።

ቄራው የሳንባውን ናሙና አስቀምጦ እንደሆነ ቶሎ ይጠይቁ፤ እንዲህ ያለ ቋጠሮ መግልም፣ ሌላ በሽታም ሊሆን ይችላልና ማረጋገጫው ላቦራቶሪ ነው። ወላይታ ሶዶ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። የከተማውን የእንስሳት ሐኪም ሲጠሩ የአምስቱንም የወለዱበትን ቀንና በቅርብ የተወጉትን መድኃኒት ጽፈው ይጠብቁት።