ሪተርን ኮድ ዜሮ ወጣ፤ ቴፖቹ ግን ተርፈዋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ሜይንፍሬም ላይ፣ ስቶሬጅ ክፍል ነው። የቴፕ ካታሎጋችንን (በየትኛው ቴፕ ላይ ምን እንዳለና እስከ መቼ እንደሚቆይ የሚይዘውን መዝገብ) ከሲኤ-1 ወደ አይቢኤሙ አርኤምኤም እያዛወርን ነው፤ ሁለቱም የቴፕ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮች ናቸው። የማዛወሪያው ፕሮግራም በሪተርን ኮድ ዜሮ፣ ማለትም ስህተት ሳያሳይ፣ ጨርሷል። የቴፖቹ ብዛትም ከድሮው ጋር እኩል ነው። አለቃዬ «እንግዲህ አለቀ፣ የድሮውን እንዝጋው» ይላሉ። እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ምን ሊቀር ይችላል? የጎደለ ነገር ካለስ ከቴፖቹ ሌብል (ቴፑ ላይ ራሱ ከተጻፈው መለያ) ላይ አንብበን መሙላት አንችልም?

መልስ፦ ልብዎ ያላረፈው በከንቱ አይደለም። አይዝጉት።

ዜሮው የነገረዎት ፕሮግራሙ ያነበበውን መጻፉን ብቻ ነው። የጻፈው ነገር አዲሱ ቤት ውስጥ ያው ትርጉም ይኑረው አይኑረው አያውቅም። የቴፖቹ ብዛት እኩል መሆኑም ብዙ አያጽናና። በሲኤ-1 ካታሎግ፣ ቲኤምሲ በሚባለው፣ ለእያንዳንዱ ቴፕ አንድ ሪከርድ አለ። የመጀመሪያው ፋይል ዝርዝር እዚያው ይቀመጣል፤ ሌሎች ፋይሎች ካሉ ዲኤስኤንቢ በሚባሉ ተጨማሪ ሪከርዶች ይያዛሉ። አርኤምኤም ግን ሲዲኤስ በሚባለው መዝገቡ ውስጥ ቴፑን ለብቻ፣ ዳታ ሴቱን (ፋይሉን) ለብቻ፣ የማቆያ ደንቡን ለብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ የሚቆጠረው ዳታ ሴቱ ነው። በተለይ ብዙ ፋይል የታጨቀባቸውን ቴፖች መርጠው አንድ በአንድ ያስተያዩ።

ዋናው ጣጣ ያለው ግን ማብቂያ ቀኑ ላይ ነው። በሲኤ-1 ማብቂያ ቀን ሁልጊዜ ቀን አይደለም። 99000 ማለት «ዳታ ሴቱ በሲስተሙ ካታሎግ ላይ እስካለ ድረስ አትንካው» ነው። 99003 የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳይክል (ተከታታይ ቅጂዎች) ያዝ ነው። 98030 ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ ጥቅም ላይ ከዋለ 30 ቀን እስኪሞላው ጠብቅ ነው። እነዚህ ትእዛዞች ናቸው፤ የቀን ልብስ ለብሰው የተቀመጡ። ቀን ብሎ ለሚያነብ ሰው ግን 98030 እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 1998 ነው። ካለፈ ስንት ዘመኑ! እንዲህ የተነበበ ቴፕ በመጀመሪያው የማታ ሥራ ስክራች (እንደ ባዶ የሚቆጠር፣ እንደገና የሚጻፍበት) ይሆናል። ከዚያ ሌላ ጆብ (በሲስተሙ ላይ የሚሮጥ ሥራ) መጥቶ ይጽፍበታል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ለዘላለም ይቆይ የሚባልባቸው 99365 እና 99366 እንኳ ይሻላሉ፤ እነሱን ሲስተሙ ራሱ ማብቂያ እንደሌላቸው ያውቃቸዋል።

በአርኤምኤም የእነዚህን ትእዛዞች ሥራ የሚወስደው ቪአርኤስ የተባለው ደንብ ነው። ፕሮግራም ረቂቅ ቢያወጣልዎም አንብቦ የሚፈርደው ሰው ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥዎት። ጆቡ በቀን ሁለቴ ቢሮጥ ሁለት ሳይክል ነው ወይስ አንድ? ደንቡን በሳይክልስ ከጻፉት ሁለት ብሎ ይቆጥራል። በባይዴይስሳይክል ከጻፉት የአንድ ቀኑን ሁሉ እንደ አንድ ይወስዳል። ሦስት ሳይክል አለን ብለው ሲያስቡ አንድ ቀን ተኩል ብቻ እጅዎ ላይ ሊቀር ይችላል። ይህን ለመወሰን ጆቡን የሚያውቀውን ሰው ጠርቶ መጠየቅ ነው፤ ሌላ መላ የለውም።

አንድ ብዙዎች የሚረሱት ነገር አለ። የድሮዎቹን ቴፖች አስተካክለው ቢጨርሱም የጆቦቹ ጄሲኤል (ጆቡን የሚያስሮጠው የትእዛዝ ጽሑፍ) አልተለወጠም። ዛሬ ማታም 99000 ብለው ይጽፋሉ። ይህን ተቀብሎ ከቪአርኤስ ጋር የሚያገናኘው ኢዲጂዩኤክስ100 የተባለው ኤግዚት (አርኤምኤም ላይ የሚተከል ትንሽ ፕሮግራም) ነው። እሱ ካልተተከለ ችግሩ በየቀኑ አዲስ ይወለዳል።

የቀረውን በአጭሩ ልበል። የሲኤ-1 የኦዲት ፋይል አብሮ አይሄድም፤ ማን መቼ ቀኑን እንደለወጠ የሚጠይቅ ቢመጣ መልሱ ያለው ከድሮው ጋር ነው። በብዙ ቴፕ ላይ የተቀጠለ ዳታ ሴት ሰንሰለቱ ተበጥሶ ከሆነ ሳያዛውሩ በፊት እድሮው ውስጥ ይጠግኑት። ከሁለት ቦታ የመጡ፣ አንድ ዓይነት ቮልዩም ቁጥር ያላቸው ቴፖች ካሉ ደግሞ አንዱ በሌላ ቁጥር መመዝገብ አለበት፤ በሌብሉ ላይ ያለው ቁጥር ለብቻው ይያዝለታል።

ስለ ሌብሉ፦ አይሆንም። የዳታ ሴት ስም እስከ 44 ፊደል ይደርሳል። ስሙ የሚጻፍበት የሌብሉ ክፍል፣ ኤችዲአር1፣ ግን የመጨረሻዎቹን 17 ብቻ ነው የሚይዘው። ጅራታቸው የሚመሳሰል ሁለት ዳታ ሴቶች እዚያ ላይ አንድ ይሆናሉ። ቴፑ ወደ ቮልት (ለጥንቃቄ ወደሚቀመጥበት ሌላ ማከማቻ) መቼ መሄድ እንዳለበትም ሌብሉ አይናገርም። በዚያ ላይ እያንዳንዱን ቴፕ ጭኖ ማንበብ አለ።

ታዲያ ምን ይደረግ? የአርኤምኤምን መፈተሻ ፕሮግራም፣ ኢዲጂዩቲልን፣ በቬሪፋይ ያስሩጡ፤ ሪከርዶቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን ያያል። ከዚያ ቪአርኤሶቹን የሚያስፈጽመውን ኢዲጂኤችኤስኬፒን በቪአርሴል እና በቬሪፋይ ያስሩጡት። ይህ ሙከራ ነው፤ ምንም አይለውጥም፣ ምን ሊለውጥ እንደነበር ግን ያሳያል። አርኤምኤምን በዋርኒንግ ሁኔታ ከድሮው ጎን ያቆሙት፤ እያስጠነቀቀ ይመዘግባል እንጂ ቴፕ አይከለክልም። የሁለቱን የስክራች ዝርዝር በየቀኑ ያስተያዩ። አዲሱ «ይለቀቅ» የሚለው፣ የድሮው ግን የያዘው ቴፕ ካለ በዚያ ላይ ያተኩሩ። የተገላቢጦሹ ቢበዛ ባዶ ቴፕ ያሳጣዎታል፤ እሱን ቀስ ብለው ይደርሱበታል። ልዩነቱ ሁሉ ምክንያቱ ሲታወቅ ወደ ፕሮቴክት፣ አርኤምኤም በእውነት ወደሚከለክልበት ሁኔታ፣ ይለፉ።

ለአለቃዎ አንድ ነገር ይንገሯቸው። የሲኤ-1 ላይሰንስ ሳያበቃ ቲኤምሲውንና የኦዲት ፋይሉን በተራ ጽሑፍ ሪፖርት አውጥታችሁ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ላይሰንሱ ካበቃ በኋላ በቀላሉ የሚያነብላችሁ አታገኙም። ቴፕ ላይ ብቻ አታስቀምጡት ደግሞ፤ የዚያ ቴፕ ዕጣ በዚሁ በምንጠራጠረው ካታሎግ እጅ ነውና። የዓመት መዝጊያ ጆቦችንም ለብቻ ጻፏቸው። ለጥቂት ሳምንት ጎን ለጎን ብታስሮጡ እነሱ አይታዩም፤ ደንባቸውን በእጅ መፈተሽ ግድ ነው።