መልስ፦ ለትንሽ ፖንቱን ጀልባ ስንት ፓውንድ ሞተር?

አቦ፣ ሐረማያ ሐይቅ ላይ ለሁለት ሰው ፖንቱን (በተንሳፋፊ ቱቦዎች ላይ የቆመ ጀልባ) 30 ፓውንድ የሚገፋ የኤሌክትሪክ ሞተር ልግዛ ወይስ 55 ብለሃል። 55ቱን ተወው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ 45 ኪሎ ክብደት 2 ፓውንድ ግፊት። ጀልባው፣ ሁለታችሁና ባትሪው 300 ኪሎ ቢሞላ 14 ገደማ ይበቃል። ነፋስ ሲነሳ ትርፍ አቅም ስለሚያሻ 30ው ልክ ነው።

ብርህን ባትሪው ላይ አውለው። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው፤ ደጋግመህ ካራገፍከው ቶሎ ይሞታል። የባጃጁንማ አታስበው! ድሬ ስትወርድ የሶላር ባትሪ ጠይቅ፣ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት። 30 ፓውንዱ በሙሉ ፍጥነት 30 አምፒር ያህል ይበላል። የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ዕድሜ እንዲኖረው ከግማሽ በታች አይወርድም። ስለዚህ ሙሉ ከለቀቅከው አንድ ሰዓት ተኩል ቢሄድ ነው፤ ቀስ ካልክ ግን ግማሽ ቀን ያሠራሃል።

ፕሮፔለሩ ከውሃው ገጽ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይስጠም። ዳር ዳሩ ጭቃ ስለሆነ ዘንጉ ከፍ ዝቅ የሚል ይሁን። ከፍታው አያሳስብህ፤ እንደ ቤንዚን ሞተር አየር ሳስቶበት ጉልበቱ አይቀንስም። ፊውዝ ግን የግድ ነው፣ 50 አምፒር፣ ከባትሪው ፖል አጠገብ።