መኪናው ባዶውን እንዳይመለስ

ከግንባታ ሳይት የተረፈና ተመላሽ ዕቃ የምትሰበስቡት በውል ነው፤ ደንበኛው ግን ምንም ሳያዘጋጅ መኪናችሁ ባዶውን ይመለሳል ብለሃል።

ውሉን የፈረመው ቢሮ ነው። ሳይቱን የሚመራው ደግሞ ፎርማኑ ነው፤ ለእሱ ማንም አልነገረውም። ስለዚህ ከሳይቱ አንድ ሰው በስም ይመደብልህ። በዋዜማው ደውልለትና የክምሩን ፎቶ ይላክልህ። ፎቶ ከሌለ መኪና አይነሳም፣ በቃ።

ውሉ ላይ ደግሞ ዕቃው በዓይነት ተለይቶ እንዲቀመጥ አስገባ። በተለይ ጂፕሰም ቦርድ ለብቻው፣ ዝናብ በማይነካው ቦታ ይሁን። ከኮንክሪት ፍርስራሽ ጋር ከተቀላቀለ፣ ጂፕሰሙ ውስጥ ያለው ሰልፌት የሚባል ኬሚካል፣ ኮንክሪቱ ተፈጭቶ የሚወጣውን ጠጠር ያበላሸዋል። የባዶ ምልልስ ወጪ በደንበኛው ይሁን። ግን ቅጣት ብቻ ካደረግከው ይሸሹሃል፤ ፓሌቱን (ዕቃ የሚደረደርበትን ርብራብ) በጊዜ ለመለሰ፣ በመያዣነት ያስያዘውን ገንዘብ ሳታጓትት መልስለት።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፣ እኔ ተቃጥዬበታለሁ። ርክክቡ እዚያው ሳይቱ ላይ፣ ተቆጥሮና ተፈራርማችሁ ይሁን። አንዴ የስካፎልዲንግ (የግንባታ መወጣጫ ብረት) ማያያዣ በጆንያ በግምት ተረከብኩ። መጋዘን ገብቶ ሲዘረገፍ ግማሹ ሲሚንቶ ደርቆበት የማይፈታ ብረት ነው። ፈርሜ ስለወሰድኩ ጉድለቱ እኔው ላይ ቀረ።