ነዳጅ ቀነሰ ሲባል ቲኬቱ ለምን አይቀንስም? ለእህታችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። እናትሽን ከደብረ ሲና አሜሪካ ላለችው እህትሽ ልትልኪያቸው ነው። ቢሮው በሰጠሽ ወረቀት ላይ ዋናው ዋጋ አነስ ብሎ «ታክስ» የሚለው በዝቶብሻል። አብዛኛው ደግሞ «ዋይኪው» (YQ) በሚል መስመር ላይ ነው። ምንድነው ስትያቸው የነዳጅ ነው አሉሽ። የነዳጅ ዋጋ በዓለም ወርዷል ሲባል ስለሰማሽ፣ ትንሽ ብታገስ ይቀንስልኝ ይሆን ብለሻል።

ደብረ ብርሃን ላይ ቲኬት ስቆርጥ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከመንዝም፣ ከሸዋ ሮቢትም፣ ከአጣዬም የሚመጣ ሰው ይህንኑ ይጠይቀኛል። የነዳጅ በርሜል ዋጋ እስኪወርድ ብለሽ አትጠብቂ ነው መልሴ። ምክንያቱን ላስረዳሽ።

መጀመሪያ ዋይኪው ታክስ አይደለም። መንግሥት አንድ ሳንቲም አይወስድበትም። አየር መንገዱ ራሱ ጭኖ ራሱ የሚያስቀረው ገንዘብ ነው። ሌላው አየር መንገድ «ዋይአር» (YR) ብሎ ይጽፈዋል። ቲኬቱ ላይ ከኤርፖርት ክፍያና ከመንግሥት ታክስ ጎን ስለሚቀመጥ ነው ሰው ሁሉ ታክስ የሚለው። ቲኬት ሻጩም ለማስረዳት ሲሰለቸው «ታክስ ነው» ብሎ ያልፋል። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ከፋዩ ምን እንደሚከፍል የማወቅ መብት አለው።

አሁን ወደ ነዳጁ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ላምበረት ስትሄጂ የመኪናው ታሪፍ በመንግሥት የተወሰነ ነው። ረዳቱ ቢጨምርብሽም ትክክለኛውን ዋጋ ጠቅሰሽ ትከራከሪያለሽ። ለአውሮፕላን የነዳጅ ክፍያ ግን በአብዛኛው ዓለም እንዲህ ያለ ታሪፍ የለም። ጃፓኖች የተሻለ አሠራር አላቸው። ሁለቱ ትልልቅ አየር መንገዶቻቸው የሲንጋፖርን የነዳጅ ገበያ አማካይ ይዘው በየሁለት ወሩ ሠንጠረዥ ያወጣሉ። ገበያው ሲወርድ ክፍያውም ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 ጭራሽ ዜሮ ገብቶ ነበር። ሌላው ጋ ግን አየር መንገዱ ዋይኪውን ቢቀንስ እንኳ ዋናውን ዋጋ ከፍ አድርጎ ድምሩን እዚያው ሊያቆየው ይችላል። ድምሩን የሚወስነው ስንት መቀመጫ እንደቀረና ሌላው አየር መንገድ ስንት እንደሚሸጥ ነው።

ክፍያው ከነዳጁ ጋር ብቻ እንደማይሄድ በፍርድ ቤት የታየበት ጉዳይም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 ብሪቲሽ ኤርዌይስ ከተፎካካሪው ከቨርጂን አትላንቲክ ጋር በዚሁ ክፍያ ላይ በሕገ ወጥ መንገድ ይመካከር ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ በረጅም የደርሶ መልስ ጉዞ ላይ የሚጠየቀው ከ5 ፓውንድ ተነስቶ 60 ፓውንድ ደረሰ። ቨርጂን ራሱ ጉዳዩን አጋልጦ ከቅጣት ዳነ። ብሪቲሽ ኤርዌይስ ግን እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ ጥፋቱን አምኖ፣ የዕቃ ጭነቱን ጉዳይ ጨምሮ፣ 300 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ።

ለአየር መንገዶቹም ግን እውነቱን ልናገርላቸው። ነዳጅ ከወጪያቸው ሩብ ያህሉን ይይዛል፤ ሲወደድም ከዚያ ያልፋል። በዜና የምትሰሚው የድፍድፍ ዋጋ ነው። አውሮፕላን የሚጠቀመው ደግሞ የተጣራውን፣ የነጭ ጋዝ ዘመድ የሆነውን ነው። ማጣሪያዎች ሲጨናነቁ የተጣራው ከድፍድፉ ብሶ ይወደዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የሆነው ይኸው ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ነዳጁን በወራት ቀድመው በተስማሙበት ዋጋ ይይዙታል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 በርሜሉ 147 ዶላር ገደማ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከ40 በታች ወረደ። በውድ ተዋውለው የነበሩት ገበያው ሲረክስም በውድ መክፈላቸውን ቀጠሉ። ስለዚህ ዛሬ የሰማሽው ቅናሽ ቲኬት ላይ ቢታይ እንኳ ቆይቶ ነው።

ለእኛ ከበርሜሉ በላይ የጎዳን ብሩ ነው። ከኢትዮጵያ የሚነሳ የውጭ በረራ ዋጋ በዶላር ይተመናል። ቲኬቱ በሚቆረጥበት ቀን ምንዛሪ ወደ ብር ይዞራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። በዶላር ያልተነካ ቲኬት በብር ሲታይ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ነዳጅ ረክሶልኝ 20 ዶላር አተርፋለሁ ብለሽ ስትጠብቂ ምንዛሪው ከዚያ በላይ ሊወስድብሽ ይችላል።

ታዲያ ዋይኪውን ማወቅ ምን ይረባል ካልሽ፣ ትልቁ ነገር ተመላሹ ላይ ነው። ቲኬቱ «አይመለስም» የሚባለው ዓይነት ከሆነ፣ ጉዞው ሲቀር ብዙ ጊዜ ያልተበረረበት የመንግሥት ታክስ ይመለሳል። ዋይኪው ግን እንደ ቲኬቱ ሕግ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከዋናው ዋጋ ጋር አብሮ ይቀራል። አንድ አባት ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ቲኬት ቆርጠው ቪዛ ተከለከሉ። ታክሱ ይመለሳል ተብለው ነበር የገዙት። ሲመለስላቸው እጅግ ጥቂት ነበር፤ አብዛኛው «ታክስ» ዋይኪው ነበራ። ሻጩ ያንን ሳይነግራቸው ነው ገንዘቡን የተቀበለው። አሁንም ሳስበው ያበሳጨኛል።

ስለዚህ የእናታችን ቪዛ ፓስፖርታቸው ላይ ሳይለጠፍ እንዳትከፍይ። ከመክፈልሽ በፊት «ጉዞው ቢቀር ዋይኪው ይመለሳል ወይ?» ብለሽ ጠይቂና መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ። አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ክፍያው ቢጨምር በተለምዶ ተመልሰው አይጠይቁሽም። ቀን ስትቀይሪ ግን እንደ አዲስ ሊሰላ ይችላል። እህትሽ በማይል፣ ማለትም ደጋግሞ በመብረር በሚጠራቀም ነጥብ፣ ልቁረጥላት ካለችም፣ ብዙ አየር መንገዶች ማይሉን ወስደው ዋይኪውን በጥሬ ገንዘብ እንደሚያስከፍሉ ንገሪያት። ቀድማ ድምሩን ታጣራ።

ስታወዳድሪ ድምሩን ብቻ ከድምር ጋር አስተያዪ። ቀኑ የማይቸኩል ከሆነ ሐምሌና ነሐሴን፣ የፈረንጅ ገና ሰሞንንም ብትሸሺ ከነዳጁ ቅናሽ የበለጠ ታተርፊያለሽ። የተሰጠሽን ወረቀት ስምና የፓስፖርት ቁጥር ሸፍነሽ እዚህ ለጥፊው፤ የቱ መስመር ምን እንደሆነ አንድ በአንድ አነብልሻለሁ።